የማድመጫ ዘንግ

ሌሊት ሰባት ሰዓት፣ ውሻ እንኳን ሲተኛ፣
ከፒያሳ ቁልቁል አስፋልቱ ላይ ወድቄ፣
ጆሮዬን በብረት ከመሬት አጣብቄ
የማዳምጥ እኔ ነኝ፤ የቱቦ ምርኮኛ።

የሚሾልክ ውኃ ድምፅ አለው ከመሬት፤
«ሽ…» ይላል በቀጭን፣ ልጅ እንደምታስተኛ እናት።
ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት፣ ከሽንታ እስከ ቀሃ፣
የት እንዳለ አውቃለሁ የሚያለቅሰው ውኃ።

ቢሮ ግን ስገባ…
አቶ ውባንተ አሉ፤ ዓይናቸው ከስልክ ላይ፣
በአንድ እጃቸው ማኅተም፣ በሌላው ሻይ።
«የማራኪው መስመር ግፊቱ በዝቷል፤
ቫልቩ ካልተቀየረ ሳምንቱን አይዘልቅም፣ ይፈነዳል»
ስላቸው፣ «እሺ፣ እሺ።»
ሰኞ ነገርኳቸው። «እሺ።»
ረቡዕ በጽሑፍ፣ በሦስት ቅጂ። «እሺ፣ ተመልክቼዋለሁ።»
(ወረቀቱ ላይ የብርጭቆ ክብ ታትሞ አየሁ።)

እንዲህ ያለው እሺታ ከእንቢታ ይከፋል፤
እንቢ ያለህ ሰውዬ ቢያንስ ሰምቶሃል።

ዓርብ ሌሊት ፈነዳ።
ማራኪ ጎርፍ ሆነ፤ ዳቦ ቤት ዘልቆ ገባ፣ ዱቄቱን አቦካው።
ቅዳሜ ማስጠንቀቂያ ወጣ፣ ለዚያው ለጮኸ ሰው።
«በወቅቱ አላሳወቀም» ይላል፣ ባለ ማኅተም።
እጄ ተንቀጠቀጠ። ቃል አልወጣኝም።

ከዚያ ወዲያ ቀን የምተኛው እንቅልፍ ጠፋ፤ ጨጓራዬ ነደደ።
ሐኪሙ ክንዴን አስሮ ግፊቴን ለካ፤
«በጣም ከፍ ብሏል» አለኝ።
ሳቅ አመለጠኝ። የእኔም መስመር ለካ!

ብቻዬንም አይደለሁ። ቆጣሪ አንባቢው እንየው
በር ሲንኳኳ ይደነግጣል። የሒሳብ ክፍሏ ስንዱ
ጥያቄዋን ይዛ ኮሪደር ላይ ትቆማለች፤
ትቆማለች፤ ትመለሳለች።
ሰው የሚሰማው ሲያጣ ከውስጡ ይሾልካል፤
እሱም «ሽ…» ይላል፤ ግን ማን ዘንግ ይተክላል?

«ዳመጠ» እና «አዳመጠ»፣ የአንዲት ፊደል ርቀት፤
አንደኛው ጆሮ ነው፣ ሌላው መንገድ የሚያስተኛ ብረት።
አለቃዬ ያቺን ፊደል ጣሏትና
ዳመጡኝ።

ግንቦት ላይ ወደ ሌላ ቢሮ ተዛወሩ።
ወይዘሮ አትጠገብ መጡ፣ በተጠባባቂነት፤
በሳምንታቸው፣ በፕላስቲክ ቦት ጫማ፣ በውድቅት፣
እኔ ካለሁበት።
«ምንድን ነው የሚሰማው?»
ዘንጉን ሰጠኋቸው። ተንበረከኩ። ጉልበታቸው ራሰ።
ዝም አሉ። እኔም ዝም።
ረጅም ዝም።
«ከዚያስ?» አሉኝ በመጨረሻ፤ የቱቦውን ሳይሆን የእኔን።
ነገርኳቸው። ሰኞን፣ ረቡዕን፣ የሻዩን ክብ፣ ማስጠንቀቂያዬን።
አላቋረጡኝም። ስልካቸው ኪሳቸው ውስጥ ሁለቴ ጮኸ፣ ሁለቴ ተዉት።
መፍትሔ ግን አልነበራቸውም፦ «ቫልቭ መጋዘን ውስጥ የለም፤
በጀቱም ለዘንድሮ አይደርስም።
ማስጠንቀቂያው ግን ይነሣል። የሰማሁትን በስሜ እጽፋለሁ» አሉ፤
ጭቃቸውን ሳያራግፉ ሄዱ።

ውኃው ዛሬም በዘጠኝ ቀን አንዴ ነው የሚመጣው፤
እንቅልፌ ግን ፈረቃ ሳይጠብቅ ቀደመው።

እዚህ ላይ ባበቃው ደስ ባለኝ ነበር።

ትናንት ሌሊት ረዳቴ ማንያዘዋል፣ ባትሪውን እንደያዘ፣
«ጋሼ፣ ጓንቴ…» ሲለኝ፣
«እሺ፣ እሺ» አልኩት፤ ልቤ ከዘንጉ ጋር እንደተያዘ።
ሦስተኛ ቀኑ ነው ሲነግረኝ።
ያቺን እሺ ከአፌ ወጥታ አስፋልቱ ላይ ስትወድቅ ሰማኋት፤
አውቃታለሁ፣ ጠጥቻታለሁ፣ ጨጓራዬ ውስጥ አለች።

ዘንጉን አስተኛሁት።
«እጅህን አሳየኝ።»
ባትሪውን ወደ ራሱ መለሰ፤
ጓንቱ ከአውራ ጣቱ ሥር ተቀዷል፣ ደም ደርቆበታል።
ከእግራችን በታች ውኃው «ሽ…» ይላል።

ይቆይ።